ቅቤ የተቀባችው የሀንጋሪ ሙሽራ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔም ገና ያልተዳርኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ፒያሳ አጠገብ ጣሊያን የሠራው ቤት ውስጥ ከሐኪም ባሏ ጋር የምትኖረው ሴት የሀንጋሪ ሰው ናት። ጎንደር ግን ነጭ ሴት ሁሉ ሲኞራ ስለሆነች ሲኞራ እንላታለን። ከአገሯ ስትወጣ ከእናቷ ቤት ይዛ የመጣችው አሻንጉሊቶችን ብቻ ነበር፤ ሁሉም የየመንደራቸውን የክት ልብስ ለብሰዋል። ሙሽራይቱ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባ፣ ጥልፍ ሽርጥ አሸርጣ፣ የዶቃ አክሊል ደፍታለች። እረኛው ጢሙን የጠመዘዘ ጎረምሳ ነው። ቄሱ አባቴ ጣዖት እንዳይሆኑ ሰግቶ አንድ በአንድ መረመራቸው። በኋላ ግን፣ ጣዖት ይህን ሁሉ ቀሚስ ምን ያደርግለታል ብሎ ሲኞራ ቤት እየሄድኩ እንድከባከባቸው ፈቀደልኝ።

አቧራቸውን በላባ አራግፋለሁ፣ ቀሚሳቸውን አናፍሳለሁ፣ ከብል እጠብቃለሁ። ለሙሽራይቱማ አበድኩላት። መስከረም ላይ ሐኪሙ ለወባ ሥራ አዲ አርቃይ ሲወርድ ሲኞራ ተከተለችው። አሻንጉሊቶቹን በቅርጫት አሸክማኝ፣ ደህና ካቆየሻቸው አንዱን መርጠሽ ትወስጃለሽ አለችኝ። ቤቴ በእግሬ ልግባ በክንፌ አላውቅም።

ሲኞራ በምትመለስበት ቀን እናቴ የሙሽራይቱን ፀጉር ዳሰሰች። የተልባ ቃጫ ነው፤ ድርቅ ብሏል።

«ምነው፣ ሙሽራ በደረቅ ራስ እንግዳ ትቀበላለች እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለጋ ቅቤ አወጣን፣ አናቷን ቀባናት፣ እንዲሰርጻት ፀሐይ ላይ አስቀመጥናት።

ቅቤው ቀልጦ ወደ ጥልፉ መውረድ ጀመረ። ጨርቅ ላመጣ ስገባ የጎረቤት ድመት ሙሽራይቱን በአፏ ይዛ አጥር ዘለለች። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ደረሰ። ጥምጥሙን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው መቋሚያውን አንስቶ ከድመቷ ኋላ ሮጠ። የሰፈሩ ሰው ቄስ ሙሽራ ሲያሳድድ አይቶ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቄ አመለጠኝ። ድመቷ በመጨረሻ ጣለቻት። አባቴ ሙሽራይቱን ከጋቢው ሥር ደብቆ ሲገባ የሐኪሙ ማኪና ደጃችን ቆመ።

ሲኞራ ወርዳ ሙሽራይቱን ከእጁ ተቀበለች። ፀጉሯ ቅቤ ጠጥቷል፣ እጅጌዋ ተነክሷል። አለቀልሽ አልኩ ለራሴ። ሲኞራ ግን አሸተተቻት፣ ደግማ አሸተተቻት። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እናቷ በበዓል ቀን ፀጉሯን በስብ አሽታ ትጎነጉንላት እንደነበር ነገረችን። ሻሿን ፈትታ እናቴ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«እኔም» አለች።

እናቴ ቀባቻት። ቅቤው በግንባሯ ሲወርድ ሲኞራ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች፤ እኛም አብረን ሳቅን። ጊዜው አሁን ነው ብዬ ሙሽራይቱን መረጥኩ አልኳት። ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

«እሷን አልሰጥም። አሁን እናቴን እናቴን ትሸታለች።»

አልዋሽም፣ ከፋኝ። በምትኩ ጢማሙን እረኛ ሰጠችኝ። ዛሬ ቁም ሳጥኔን የሞሉት አሻንጉሊቶች ሁሉ ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው። ገና አቅፌው ሳልጠግብ እናቴ ከእጄ ተቀብላ ከነጢሙ ቀባችው።