ያሳጠርኩት ጥያቄ

ሕግ አልተማርኩም። ግን ተራ ሰው ጠበቃን ምን እንደሚጠይቅ ከብዙ ጠበቃ በላይ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ጠበቃው ጋ ከመድረሱ በፊት በእኔ ሱቅ በኩል ያልፍ ነበርና።

ሱቄ እስራኤል አገር፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ዳሌት የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበረች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ነጠላ፣ አገር ቤት የሚደወልበት ካርድ እሸጣለሁ። ከመንገዱ ማዶ ማትናሱ አለ፤ የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰብበት ማዕከል። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ እንደገቡ እዚያ በየማክሰኞው ከሰዓት በኋላ አንድ ጠበቃ በነፃ ምክር መስጠት ጀመረ። በነፃ ስለሆነ ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ አስፋልቱ ድረስ ይመጣ ነበር። ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ ነው። አስተርጓሚ ስላልነበረው እኔን ጠሩኝ። ዕብራይስጤን የተማርኩት ገበያ ውስጥ ከአትክልት ሻጮች ነው፤ ጨዋ ዕብራይስጥ አይደለም፣ ግን ይሰማል።

ሰው የሚጠይቀው እንዲህ ያለ ነበር። «ከበላዬ ያለችው ሴትዮ ልብስ ማጠቢያዋ ሳሎኔ ውስጥ ያዘንባል። ለእኔ ጣሪያ ነው፣ ለሷ ወለል ነው፤ የሚያሠራው ማነው?» «ጎንደር ሽማግሌ ፊት የፈታኋት ሚስቴ እዚህ ተፈታች ወይስ አልተፈታችም? ሌላ አግብቻለሁ እኮ።» «መታወቂያዬ ላይ ከወንድሜ በአሥር ዓመት እበልጣለሁ። አዝሎ ያሳደገኝ ግን እሱ ነው።» አንዱ ደግሞ የሠርጉን ቪዲዮ ይዞ መጣ፤ አንሺው የሌላ ሰው ሠርግ ሰጥቶታል። «ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። የኔ ግን አይደለችም። ልክሰሰው?»

ጥያቄው ሁሉ ደህና ነበር። ችግሩ አነጋገሩ ነው። የኛ ትልቅ ሰው በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ የጠበቃውን ጤንነት ይጠይቃል፣ ከዚያ የጠበቃውን እናት ጤንነት፣ ከዚያ የትውልድ መንደሩን፣ የአባቱን ስም፣ በሱዳን በኩል እንዴት እንደመጣ ይናገራል። የፈሰሰው ቧንቧ ጋ ሲደርስ ዘጠነኛው ደቂቃ አልቆ ጠበቃው ሰዓቱን ያያል። ጠበቃውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም። ሰው እያናገረው መንደሪን ይልጣል። ልጣጩን የሰው ደብዳቤ ላይ ያደርጋል፤ ፍሬውን በጣቱ ከአፉ አውጥቶ እዚያው ያስቀምጣል። አሮጊቷ ደብዳቤዋን መልሳ ስትቀበል በእጇ ጠርጋ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትለዋለች።

እኔም ነጋዴ ነኝና ክፍተት አየሁ። ሰዉ ከማክሰኞ በፊት ሱቄ ይመጣል፣ የጤፍ ከረጢት ላይ ይቀመጣል፣ ታሪኩን ሙሉውን ያወራል። እኔ እቆርጠዋለሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አድርጌ አስጠናዋለሁ። ገንዘብ አልጠየቅሁም። ማሳጠሩ በነፃ ነው፤ በርበሬው ግን ከእኔ ይገዛል።

እማማ የመጡት በሁለተኛው ዓመት ክረምት ነው። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ በአንድ የጽዳት ተቋራጭ ሥር ቢሮ የሚወለውሉ፣ ስለ ሁሉም ነገር ብዙ የሚያወሩ ሴት ነበሩ። ቀኝ እጃቸው ከክርን በታች በጀሶ ታስሯል። ሥራ ሊገቡ ሲሄዱ መንገድ ላይ ወድቀው ነው። እዚህ አገር ወደ ሥራ ስትሄድ ከወደቅህ ሥራ ላይ እንደወደቅህ ይቆጠራል። የመንግሥት ኢንሹራንሱ ይህን ከተቀበለ፣ እማማ እስኪድኑ በሚከፍላቸው ገንዘብ ይኖራሉ፤ እጁ እንደነበረ ካልተመለሰም እየረዳቸው ይቀጥላል። ካልተቀበለ ቀሪ ዕድሜያቸውን በአንድ እጅ መወልወል ነው። ሌላ ምንም አልነበራቸውም።

«በአጭሩ ምን ሆኑ እማማ?» አልኳቸው።

«በአጭሩማ ወደቅሁ። ግን ከመውደቄ በፊት ያለውን ካልነገርኩህ አወዳደቄ አይገባህም።»

«እሺ፣ ይንገሩኝ።»

«የሥራ ጓደኛዬ፣ ሽኩና ቤት የሚባለው ሰፈር ያለችው፣ አባቷ ሞቶባት ሰባት ቀን ሐዘን ተቀምጣለች። በማለዳው ከአውቶቡስ ወርጄ ገባሁ። ምስኪን፣ ዓይኗ አብጦ አብጦ…»

«ቆይ ቆይ! ለቅሶ ቤት ገቡ?»

«ታዲያ ባጠገቡ ዝም ብዬ ልለፍ? ደግሞ እኮ ቁልፉ…»

«ቁልፍም ምልፍም ይተዉት እማማ! ለቅሶ ቤት የሚባል ነገር ከአፍዎ እንዳይወጣ።»

ይህን ያልኩት ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ሰውዬ ወደ ፋብሪካ ሲሄድ ጫማ ሰፊ ጋ ጎራ ብሎ ሲወጣ መኪና ገጨው። «ከመንገድህ ወጥተሃል» ተብሎ ባዶ እጁን ቀረ። ከሱ የተማርኩት፣ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ጉዳዩ እንደሚያበቃለት ነው። በቂ ሕግ ያወቅሁ መሰለኝ።

«ታዲያ ልዋሽ ነው?» አሉኝ።

«ማን ዋሹ አለዎት? ከቤት አልወጡም?»

«ወጥቻለሁ።»

«ወደ ሥራ እየሄዱ አልወደቁም?»

«ወድቄአለሁ።»

«አለቀ። ይህችን ብቻ ይበሉ።»

ማክሰኞ ዕለት እማማ ልክ እንዳስጠናኋቸው ተናገሩ። ከቤት ወጣሁ፤ ወደ ሥራ ስሄድ ወደቅሁ፤ እጄ ተሰበረ። ጠበቃው የኢንሹራንሱን ቅጽ በአራት ደቂቃ ሞላ። እማማ አስበው አስበው፣ ያውም በግራ እጃቸው፣ ፈረሙ። ጠበቃው ወደ እኔ ዞሮ «ሁሉም እንዲህ ቢናገር ኖሮ በጊዜ ቤቴ እገባ ነበር» አለኝ። ደስ አለኝ። መንደሪን ሰጠኝ፣ ተቀብዬ በላሁ። ዛሬ ከነገሩ ሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ያ ደስታዬ ነው።

ብልጥ ነኝ ባዩ እኔ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አምቡላንሱ እማማን ያነሳበትን መንገድ ስም ወረቀት ላይ ጽፏል። የተነሱት ከሽኩና ቤት ነው። ከቤታቸው ወደ ሥራቸው የሚወስደው አውቶቡስ በዚያ በኩል ያልፋል እንጂ፣ እሳቸው የወደቁባት ጠባብ መንገድ ከፌርማታው ገባ ብላ ነው ያለችው። ኢንሹራንሱ ጠርቶ «እዚያ ምን ያደርጉ ነበር?» አላቸው። እማማ ያኔ ብቻቸውን ነበሩ፤ ማንም አላሳጠራቸውም። ሁሉንም ተናገሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዳወሩ ነገሩኝ። የኢንሹራንሱ ሰውዬ የጻፈው ግን ሁለት መስመር ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ ሱቄ ድረስ ይዘውት መጡ። ቆሜ አነበብኩላቸው። ከመንገዳቸው ወጥተዋል ይላል። መጀመሪያ ከቤት ወደ ሥራ ብለው ነበር፣ በኋላ የለቅሶ ቤትና የቁልፍ ታሪክ ጨመሩ፤ የተጨመረውን አንቀበልም ይላል።

«የምን ቁልፍ ነው?» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ያን ዕለት ልነግርህ ስል አፌን ያስያዝከኝ ቁልፍ ነዋ።»

ከዚያ ነገሩኝ። የቢሮው ቁልፍ ሐዘን የተቀመጠችው ጓደኛቸው ጋ ነበር። የተቋራጩ ተቆጣጣሪ ከዋዜማው ደውሎ «ጠዋት ከሷ ተቀብለሽ ክፈቺ» ብሏቸዋል። አልቅሰው፣ ቁልፉን ተቀብለው ሲወጡ ነው የወደቁት። ለቅሶ ባይኖርም እዚያ መውረዳቸው አይቀርም ነበር፤ የላካቸው ሥራው ነው። ያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ለጉዳያቸው የምትጠቅመው አንዲት ቃል እሷ ነበረች። እኔ ደግሞ እሷን መርጬ ቆረጥኩ።

«እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «ማክሰኞ ጠበቃውን እናነጋግረዋለን» ነው።

ጠበቃው ደብዳቤውን አነበበና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ቁልፉን መጀመሪያ ብትናገር ኖሮ ያለቀ ነገር ነበር። ለምን ደበቀችው?» አለኝ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ከሱ አፍ ወደ እኔ አፍ ያያሉ።

«ፈርታ ነው» አልኩት። ለእማማ አልተረጎምኩላቸውም።

ተቆጣጣሪው ሲጠየቅ «ደውዬ አላውቅም» ብሏል፤ ቁልፉ ሠራተኛ ቤት ማደር አልነበረበትምና ለራሱ ፈርቷል። ጓደኛቸው ብትመሰክር ወዳጅ ናት ይባላል። ጠበቃው ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ ቀጠለ። «የሚያስፈልጋት ይህ ቅጽ ከመሞላቱ በፊት ስለ ቁልፉ ከአፏ የሰማ ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት እንሄዳለን፤ ጥሩ ዕድል አላት። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ዓመት አላት። አለ እንዲህ ያለ ሰው?»

«እንዲያው ቢገኝ» አልኩት፣ «ያ ሰውዬ ምን ይደርስበታል?»

«ሲናገር ለምን ዝም እንዳለች ይጠየቃል። ዝም በይ ያላት እሱ ከሆነ ደግሞ በምን ሥልጣኑ ሰውን እንደሚመክር ይጠየቃል። ጠበቃ ሳይሆኑ የጠበቃ ሥራ መሥራት ጨዋታ አይደለም።» ይህን ሲል አንድ የመንደሪን ፍሬ ከአፉ አውጥቶ የእማማ ደብዳቤ ጥግ ላይ አስቀመጠ። እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም። ማንን እንደምጸየፍ ግን በደንብ አውቅ ነበር፤ ሰውየው እውነቱን ተናግሯል፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

«ምን አለ?» አሉኝ እማማ። «ብዙ ተናገረ እኮ።»

«ከባድ ነው አለ።»

ያን ሁሉ ንግግር ሦስት ቃል አደረግኩት። በዕድሜዬ ከዚያ በላይ አሳጥሬ አላውቅም።

ላስብበት አልኩ። መጀመሪያ ከፋሲካ በፊት ሥራ ይበዛል አልኩ። ቀጥሎ የሱቄን ፈቃድ ማደሻ ጊዜ ነው፣ አሁን ፍርድ ቤት መቆም አይበጅም አልኩ። በዓሉ ሁሉ አለፈ። ሰዉ እየመጣ ከረጢቱ ላይ ይቀመጣል፤ እኔም እቆርጣለሁ። የሚገርመው ማንም አልሸሸኝም። እማማ ራሳቸው ሰው ይልኩልኝ ነበር። «እሱ ጋ ሂዱ፣ የእኔ ነገር ዕድሌ ሆኖ ነው እንጂ እሱ ጎበዝ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

ጀሶው ሲፈታ እጃቸው ጠማማ ሆኖ ወጣ። ተቋራጩ ሰዓታቸውን ቀነሰባቸው። የጎደለውን ለመሙላት ከሱቄ ጎን ያለውን ሕንፃ ደረጃ መወልወል ጀመሩ። በመስኮቴ አያቸዋለሁ። ጨርቁን በሁለት እጅ መጭመቅ ስለማይችሉ አንዱን ጫፍ በጫማቸው ረግጠው ሌላውን በግራ እጃቸው ያጠማዝዙታል። ውሃው ቀሚሳቸው ላይ ይረጫል። ገዢ ከሌለ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞራለሁ።

ዓመቱ ሞላ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት እማማ ባልዲያቸውን በር ላይ አስቀምጠው ገቡ። ሰላም አሉኝ፤ ግን እንደ ድሮው ስለ ልጆቼና ስለ ሚስቴ አልጠየቁም።

«ጓደኛዬ ሌላ ጠበቃ ጋ ወሰደችኝ» አሉ። «ጊዜው አልፏል አለን። አንድ የሰማ ሰው ብቻ ይበቃ ነበር አለ። ይኼን ያ ጠበቃም ያን ጊዜ ነግሮሃል?»

«ነግሮኛል እማማ።»

«ቁልፉ ስል አንተ ሰምተህ ነበር?»

ሰበብ ሞልቶኝ ነበር። ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ሚስቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለዚህ አገር ሕግ ብዙ ማውራት እችል ነበር።

«ሰምቼ ነበር» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይርገሙኝ ብዬም ተመኘሁ። እማማ ዓይኗ ስላበጠ ጓደኛቸው ብቻ ሩብ ሰዓት የሚያወሩ ሴት ነበሩ። እኔ ግን የሩብ ሰዓት ንግግር እንኳ አልተገባኝም።

«እሺ» አሉ። ባልዲያቸውን በግራ እጃቸው አንስተው ወደ ደረጃቸው ተመለሱ።