ሳክስፎኑ የት ነበር?

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ ላጲስ እያለ ነበር የሚጠራው። ሰው የሚወደውን ዘፈን ይዞለት ይመጣል፤ እሱ ዘፋኙን ያጠፋና ሙዚቃውን ብቻ አስቀርቶ ይመልስለታል። እንዲህ የተሠራውን ዘፈን ሰዉ በደፈናው «ክላሲካል» ይለዋል። እናቴ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ምን እንደሚሠራ ስትጠየቅ፣ ሰው ዝም ያሰኛል ብላ ትመልስ ነበር።

እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እጠብቅ ስለነበር ከሰዓት በኋላውን እሱ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። ክፍሉ ከአንድ ሰዓት ጠጋኝ ሱቅ በላይ ነው። ወደዚያ የሚያወጣው የብረት ደረጃ አሥራ ዘጠኝ እርከን ነበረው። ሕንፃው ከፈረሰ ብዙ ዓመት ሆነው፤ እግሬ ግን ዛሬም ቁጥሩን አልረሳም። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብዷል፣ መስኮቱ በአሮጌ ፍራሽ ተደፍኗል። ጠረጴዛው ላይ የሸክላ ማጫወቻ፣ ሁለት ቴፖች፣ ሦስት ቁልፉ የማይሠራ ኦርጋንና አጎቴ ራሱ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በይዶ የሠራው መሣሪያ ተቀምጠዋል። ዘፋኞች ሁሉ የሚጠፉት በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ምስጢሩን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። ሸክላ ግራና ቀኝ አለው፤ መሣሪያዎቹ ወዲያና ወዲህ ይበታተናሉ፤ ዘፋኝ ግን ኩሩ ስለሆነ መሀል ላይ ነው የሚቆመው፤ በሁለቱም በኩል እኩል ይሰማል። ቆርቆሮው ግራውን ከቀኙ ሲቀንሰው እኩል የሆነው ነገር ይጠፋል። «ኩራቱ ነው የሚያስይዘው» ይላል አጎቴ፣ የቀበጠ ዘፋኝ ባጠፋ ቁጥር እየተደሰተ።

ደንበኞቹ ልዩ ልዩ ነበሩ። አንዲት ወይዘሮ ባለቤቷ የሚወደው ዘፈኑን ሳይሆን ዘፋኟን መሆኑን ደርሳበት፣ እሷን አውጣልኝና ዘፈኑ ብቻውን ምን ያህል እንደሚወደድ እንየው ብላ መጣች። የጥርስ ሐኪሙ ደግሞ ታካሚዎቼ አፋቸውን ከፍተው አብረው መዝፈን እያማራቸው አስቸገሩኝ ብሎ ቃል የሌለው ሙዚቃ አዘዘ። አጎቴ ሄዶ የመሰርሰሪያውን ድምፅ በጆሮው ለካና ዘፈኖቹን ሁሉ በዚያው ቃና ሠራለት። ሐኪሙ መሰርሰሪያው ለምን ከሙዚቃው ጋር አብሮ እንደሚያዜም ሳይገባው ጡረታ ወጣ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ቀጭን ሽማግሌ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው ሸክላ ከጋዜጣ ውስጥ ፈቱ። አጎቴን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «ይህችን ሴትዮ አጥፋልኝ» አሉት።

አጎቴ ሽፋኑን አየ። ዘፈኑን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ዘፋኟ ድንገት፣ ማንም ሳይጠብቃት፣ ጣሪያ የሚሰነጥቅ ጩኸት ትለቃለች። ያንን ጩኸት ያልሞከረ ወጣት በዘመኑ አልነበረም። አጎቴ በአክብሮት፣ እኚህን ትልቅ ዘፋኝ የሚያጠፋቸው ምን በድለው እንደሆነ ጠየቀ።

«ባለቤቴ ነች» አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ ተቀምጠው ሁሉንም አወሩልን። በዚያ ሸክላ ላይ ሳክስፎን የነፉት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ ልክ ከጩኸቱ ሥር፣ በዕድሜያቸው ካወጡት ዜማ ሁሉ የሚበልጠውን አውጥተዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበር ያስታውሳሉ፤ ዜማውን ግን አያስታውሱትም፤ ደስታውን ብቻ። ጩኸቱ ግን ላዩ ላይ ተቀምጦበት ማንም ሳይሰማው ቀረ። ይሄስ ባልከፋ፤ ሚስታቸው ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ዘፈኑ በራዲዮ በመጣ ቁጥር፣ «አንተ እዚያ ጋ መች ነፋህና? በረንዳ ላይ ሲጋራ እያጨስክ ነበር» ይሏቸዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ከበሮ መቺውም ጊታር መቺውም ሞተዋል። ምስክር የለም።

ሳክስፎኑን ከሸጡ ቆይተዋል፤ ሳንባቸውም እምቢ ብሏል። በዚያ ሸክላ ላይ ካሉ አሉ፤ ከሌሉ የሉም። ይህን በአፋቸው አልተናገሩትም፤ ጋዜጣውን በአራት በስምንት ሲያጣጥፉት ግን ሁለታችንም አየን።

አጎቴ በማግስቱ ሸክላውን በቆርቆሮው ውስጥ አሳለፈው። ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ፤ ዘፋኟ ጥርት ብላ ቁጭ ብላለች፣ ከበሮውና ጊታሩ አሉ፣ ከስንኞቹ ሥር ግን አንዲት የሳክስፎን ትንፋሽ የለችም። መግቢያው ላይ ሳክስፎኑ እንደ ልቡ ይጮኻል፤ እሷ አፏን ስትከፍት ይጠፋል። አጎቴ ሽቦውን ፈታ፣ መልሶ በየደ፣ ቆርቆሮውን ሰደበው፤ ወይ ፍንክች።

ሐሙስን በዚሁ ተበሳጭቶ ዋለ። ዓርብ ጠዋት ባለ ዘፈኗ ራሳቸው መጡ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ባላቸው የት እንደሄዱ ደርሰውበት ኖሯል። ሰላምታም ሳያስረዝሙ፣ ልጄ፣ አልተቻለም ብለህ ሸክላውን መልስለት አሉት።

አጎቴ እልኸኛ ስለሆነ፣ በእርግጥም እንዳልተቻለው አምኖ መገላገል ሲችል፣ ለምን እንዳልተቻለው መጠየቅ ጀመረ። መልሱ ያለው እሳቸው ዘንድ ነበር። ሲቀረጹ የትምባሆ ሽታ ስለማይወዱ ብቻቸውን ግራ ጥግ ማይክ ተደርጎላቸው ነበር፤ ጓዶቹ በቀኙ ማይክ ዙሪያ ናቸው። ባላቸው መግቢያውን ወደ ቀኙ ተጠግተው ይነፉና ዘፈኑ ሲጀመር፣ ዘፋኝ ላለመጫን፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ከሁለቱ ማይኮች መሀል ይቆማሉ።

«ስለዚህ መሀል ላይ የቆሙት እሳቸው ነበሩ!» አለ አጎቴ። የሳቸውን ትሕትና ነበር ቆርቆሮው እንደ ኩራት ቆጥሮ ያጠፋው። ዘፋኟን ለማጥፋት ቆርቆሮም አያስፈልግም፤ ግራውን ሽቦ መንቀል ብቻ ነው። ለመከልከል ፋታ ሳይሰጣቸው ነቀለና መርፌውን ሁለተኛው ስንኝ ላይ አስቀመጠው።

ሳክስፎኑ ነበር። ነበር እንጂ! ዘፈኑ ስለ ጨለማ መንገድ፣ ስለ ተለየ ሰው የሚያለቅስ ነው፤ ሳክስፎኑ በመሀል ብድግ ብሎ ሌላ ዘፈን ጀመረ። ያውም የጭፈራ። ከበሮው ወደ ታች ሲል እሱ ወደ ላይ እየዘለለ፣ በፍጹም እምነት፣ አራት ምት ያህል ሄደና ድንገት ቀጥ አለ።

ሴትየዋ ቀድመውን ሳቁ። እንባቸውን በመሀረብ ጠርገው ነገሩን አጫወቱን፦ ያን ቀን ጠዋት የጭፈራውን ዘፈን ሲቀርጹ አርፍደው ነበር፤ ባላቸው ትኩሳት ይዟቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚነፉት፤ ሰዓታቸው አልቆ ቀጣዮቹ ዘፋኞች በር ላይ ስለቆሙ መድገም አይቻልም። እሷ ባላቸው ሲስቱ ሰሙ፤ ሌላ የሚሸፍኑበት ነገር ስላልነበራቸው በጉሮሯቸው ሸፈኑት። አገር የቀዳው ጩኸት እሱ ነው።

ቀጥለው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና አጎቴን አዩት። «ሠላሳ ስምንት ዓመት አልነበርክም ስለው የኖርኩት ለምን ይመስልሃል? ሲያጨስ ነበር መባል ይሻለዋል። በሲጋራ ሰው ይስቅብሃል እንጂ አያዝንልህም።»

አጎቴ ተሸነፈ። ሽማግሌው ቅዳሜ ሸክላቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ቆርቆሮው ያወጣውን እንደሚያሰማ፣ ስለ ግራው ሽቦ ትንፍሽ እንደማይል ቃል ገባ። እኔንም እንዳልናገር በዓይኑ አስጠነቀቀኝ።

ቅዳሜ ባልና ሚስት አብረው መጡ። ሽማግሌው ኮት ለብሰዋል፣ ፂማቸውን ተላጭተዋል። ወንበር ሰጠናቸው፤ አልቀመጥም አሉ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እትዬን ማጥፋት እንዳልተቻለ፣ ድምፃቸውን ግን አቅጥኖ ከሥር ያለውን ሁሉ እንዳወጣ፣ እንግዲህ ፍርዱ የጆሮ እንደሆነ ተናገረ። ሲዋሽ ሁልጊዜ እንደ ዳኛ ነው የሚናገረው።

ሸክላው ዞረ። መግቢያው ላይ ሽማግሌው ጣቶቻቸውን በኮታቸው ጫፍ ላይ አንቀሳቀሱ፤ ቁልፎቹን እየተጫኑ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ መጣ። ጩኸቱ አለፈ። ከሥሩ ከበሮ አለ፣ ጊታር አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ጣቶቻቸው ግን አላቆሙም ነበር፤ ድምፅ በሌለበት ጥቂት ሄደው ቆሙ።

«የለህማ» አሉ ባለቤታቸው፣ እንደ ልማዳቸው ሊሉት ፈልገው። ድምፃቸው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ቅድም እምቢ ያሉትን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው፣ ሰው የራሱን ዕድሜ እንዲህ ፈጥሮ ያስታውሳል ማለት ነው እያሉ በዝግታ ተናገሩ። ያን ያላደረጉ ከሆነ ሌላውንም ማድረጋቸውን በምን ያውቃሉ? ሳክስፎኑንም በእጃቸው ይዘው እንደሆነ ማን ያውቃል?

አጎቴ የቆርቆሮውን ክዳን ይከፍታል ይዘጋል። ሴትየዋ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡና «አንተ ልጅ፣ ግራውን ንቀለው» አሉ።

አጎቴ የሰማ አልመሰለም።

«ንቀለው አልኩህ። እኔ ግራ ነበርኩ።»

ነቀለው። ዘፋኟ ጠፉ፤ ያ ትንሽ ክፍል ድንገት ባዶ የሆነ መሰለኝ። ከበሮው መጣ፣ ጊታሩ መጣ፣ ሳክስፎኑ ደግሞ ከሩቅ፣ ከሠላሳ ስምንት ዓመት ማዶ፣ ተነሥቶ ጭፈራውን ጀመረ። አራት ምት፤ ከዚያ ቀጥ።

መርፌው እስከ መጨረሻው ሄዶ ሸክላው ባዶውን ሲያንኳኳ ማንም አላነሣውም። የሽማግሌው ጆሮ ቀላ። የጠዋቱን ዘፈን እንዳወቁት ያስታውቃል፤ አንድ ጊዜ ጣታቸው የጭፈራውን ምት መታች። ቀስ ብለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ለዚህ ነው የጮህሽው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እየጨፈርክብኝ?»

ሽማግሌው አሰቡ። ብዙ አሰቡ። ከዚያ ተነሥተው ኮታቸውን አስተካከሉና፣ እንደ ምስክር እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ በጥሩ ጤናማ ድምፅ «ይሄ እኔ አይደለሁም» አሉ። «በረንዳ ላይ ሲጋራ እያጨስኩ ነበር። ይሄ ሌላ ሰው ነው። ምናልባት ትራምፔት ነፊው።»

«ትራምፔት ነፊ መች ነበረን?»

«ታዲያ ማን ይወቀው? እኔ ውጭ ነበርኩ። ራስሽ ስትመሰክሪ አልኖርሽም?»

ሴትየዋ አፋቸውን በመሀረባቸው ሸፈኑ። በዚያ አፍ ብዙ ነገር ሲሸፈን ኖሯል፤ አሁን የመሸፈን ተራው የራሱ ሆነ። አጎቴ ፊቱን ወደ እንቁላል ካርቶኑ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

መውጫቸው ላይ አጎቴ ራሱን ሰብስቦ፣ የትኛውን በካሴት ልቅዳልዎት፣ እትዬ ያሉበትን ነው የሌሉበትን ብሎ ጠየቃቸው።

«ሁለተኛውን» አሉ ሽማግሌው። በሩን ይዘው ቆም አሉ። «ግን እሷን መልስበት።»

«ጋሼ፣ እሷን ከመለስኩበት እኮ ያው ሸክላው ነው።»

«እሱን ነው ያልኩህ» አሉና ሸክላቸውን ከማጫወቻው ላይ ራሳቸው አንሥተው በጋዜጣው ጠቀለሉ።

አሥራ ዘጠኙን እርከን ሲወርዱ እየሰማን ነበር። እሷ ቀድመዋል፤ እሳቸው ከኋላ የባለቤታቸውን ቦርሳ ይዘዋል። አምስተኛው ላይ «አንተ ነህ እንጂ፣ ትንፋሽህን አጣዋለሁ?» አሉ እሷ። አሥረኛው ላይ እሳቸው፣ አልነበርኩም ካልኩ አልነበርኩም አሉ። ታች የሰዓት ጠጋኙ በር ላይ ሲደርሱም አልጨረሱም ነበር።