ከክላሰሩ ጀርባ የነበረው ግራ እጅ

በስታቲስቲክስ ዲፕሎማ ይዤ ወደ አሶሳ የተመለስኩት ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ሹመቱም አዲስ ነበር። ሰው ግን ገና አልተላመደም። ከመሀል አገር ተመድበው የመጡት ባለሙያዎች የአገሬውን ሰው፣ የአገሬው ሰው ደግሞ እነሱን በጎሪጥ ያያቸዋል። እኔ ለሁለቱም አልመችም ነበር። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው። አሶሳ አጠገብ ባድግም የክልሉ ተወላጅ አልባልም፤ ከመሀል አገር መጣሁ ማለትም አልችልም። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይማራል፤ ሰው ምን እንደተናገረ ሳይሆን ለምን እንደተናገረ ማሰብ።

ክፍላችን ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩ። አንዱ ላይ እኔ፣ አንዱ ላይ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ማሽኖቹን ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው ባለሙያ እንሠራለን። ባልደረባዬ ከአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ የተማረው ሱዳን ስለሆነ አማርኛን የለመደው ከበርታና ከዓረብኛ ቀጥሎ ነው። ወንድም ሴትም ለእሱ "አንተ" ነበር፤ ሴት ብሆንም እኔንም "አንተ" ይለኛል፤ ለምጄዋለሁ። ባለሙያው ደግሞ ወደ አርባ የተጠጋ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

አንድ ቀን ባለሙያው ሦስቱን ማሽኖች በገመድ አገናኝቶ የተኩስ ጌም ጫነልን። ሦስታችንም በአንድ ትልቅ ሕንፃ ኮሪደሮች ውስጥ እየተፈላለግን የምንተኳኮስበት ጌም ነው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣ ጄነሬተሩ ካልጠፋ እንጫወታለን። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር። እያደር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ባለሙያው አንድም ቀን አልተሸነፈም።

መሸነፍ ብቻ ቢሆን አይከፋኝም ነበር። የሚያናድደኝ የምሸነፍበት መንገድ ነው። ጥግ ዞሬ እሱን ሳየውና ልተኩስ ስል ሥዕሉ ቀጥ ይላል። መልሶ ሲንቀሳቀስ እኔ መሬት ላይ ተዘርሬያለሁ። እጆቼም አይታዘዙልኝም። ለመራመድ በግራ እጄ ባለቀስቶቹን ቁልፎች እጫናለሁ፤ ማውሱ ደግሞ እዚያው አጠገባቸው ስለሆነ ሁለቱ እጆቼ ኪቦርዱ ጫፍ ላይ ይገፋፋሉ። ባልደረባዬም እንደኔው ነበር። ባለሙያው ግን ዘና ብሎ ተቀምጦ ይጫወታል።

ከግራ እጁ አጠገብ ሁልጊዜ ክላሰር ያቆም ነበር። ስለዚህ ግራ እጁ ምን እንደሚሠራ ከእኛ በኩል አይታይም።

"ክላሰሩ ለምንድን ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ፀሐዩን ይከልልልኛል" አለኝ።

መስኮቱ በቀኙ በኩል ነበር።

በሌላ ቀን ፋይል ላነሳ ብዬ ከኋላው ሳልፍ ስክሪኑን አየሁት። የእኛ ስክሪን ላይ ግድግዳው ድንጋዩ ሳይቀር ይታያል፤ መብራቱ ወለሉ ላይ ያብረቀርቃል። የእሱ ሥዕል ግን ትንሽ ሆኖ ስክሪኑ መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ጥቁር ነው። ግድግዳው የተለጣጠፈ ጨርቅ ይመስላል፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

ማየቴን ሲያውቅ "የእኔ ማሽን እኮ የደከመ ነው" አለ። "ጥሩ ጥሩውን ለእናንተ ሰጥቼ ነው።"

ማታ ከቢሮ ስንወጣ ለባልደረባዬ ነገርኩት። በማንጎዎቹ ሥር አብረን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው። ትንሽ አሰበና "አንተ" አለኝ፣ "እቃ የሚያከፋፍል ሰው የተበላሸውን ለራሱ ሲወስድ አይተህ ታውቃለህ?"

"ምናልባት ደግ ሰው ከሆነ።"

"ወላሂ፣ ደግ ከሆነ ለምን እጁን ይደብቃል?"

ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬያችን ጌሙ ላይ ብቻ አልቆመም። ሪፖርት በተበላሸብን ቁጥር የሚያስተካክለው እሱ ነው። ሲያስተካክል ግን "አንዴ ውኃ ጠጥታችሁ ኑ" ይለናል፤ ስንመለስ ተስተካክሎ እናገኘዋለን። እስከዚያ ድረስ ይህን ትሕትና ነበር የምንለው።

ብዙም ሳይቆይ ባለሙያው ለመስክ ሥራ ወደ ሆሞሻ ወረዳ ወጣ። እሱ በሌለበት የመጀመሪያው ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር ሄዶ የባለሙያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ በራሴ ማሽን ሆንኩ። ባልደረባዬ ከእኔ የሚሻል ተጫዋች አልነበረም፤ በዚያ ቀን ግን እየደጋገመ ጣለኝ። ቦታ ተለዋወጥን። አሁን ደግሞ እኔ ጣልኩት። የባለሙያው ማሽን ላይ ሥዕሉ አንዴም አልቆመም፤ ማውሱን ገና ስነካው እንደ ውኃ ይፈሳል።

የጌሙን ማስተካከያ ከፍተን የሦስቱን ማሽኖች አስተያየን። የደከመ ማሽን አልነበረም፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ የሥዕሉ ነው። የእኛዎቹ ላይ ሥዕሉ ትልቁና የመጨረሻው ጥራት ላይ ተደርጓል፤ ማሽኑ ያን ሁሉ ሲስል ትንፋሽ ያጥረዋል። የእሱ ላይ ሁሉም ነገር ወደ ታች ወርዷል። ያማረውን ሥዕል ለእኛ ሰጥቶ ፍጥነቱን ለራሱ አስቀርቷል። ቁልፎቹም ተለውጠዋል። መራመጃው ባለቀስቶቹ ሳይሆኑ በኪቦርዱ ግራ በኩል ያሉት ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲ የሚባሉት ፊደሎች ናቸው። ጣቶቼን እዚያ ሳሳርፍ እጆቼ ተራራቁ፤ ትከሻዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ።

ባልደረባዬ ኪቦርዱ ላይ አጎንብሶ አራቱን ፊደሎች ተመለከታቸው። ከመነካት ብዛት ለስልሰው ከሌሎቹ ይልቅ ያብረቀርቃሉ።

"ይሄ የአንድ ወር ሥራ አይደለም" አለ።

የራሳችንን ማሽኖች እንደ እሱ አደረግናቸው፤ የእሱን እንደነበረ ተውነው። እሱ እስኪመለስ በየምሳው ተለማመድን።

ከሆሞሻ በተመለሰ ማግስት ልንጫወት ተቀመጥን። ክላሰሩን አቆመ። ጌሙ ሲጀመር ዓይኑ ወደ እኔ ኪቦርድ ሄዶ ግራ እጄ ላይ ቀረ። እሱ እጄን ሲያይ እኔ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አገኘሁትና ተኮስኩ። ወደቀ። እንደገና ገባ፤ አሁን ባልደረባዬ ጣለው። በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩ።

ባለሙያው ክላሰሩን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

"ማን አሳየሽ?" አለኝ።

"ማሽንዎን አየነው። ለምን አልነገሩንም?"

"አልጠየቃችሁኝም።"

"የእኛን ሥዕል ከፍ ያደረጉትስ እርስዎ አይደሉም?"

ባልደረባዬ ወንበሩን ወደ ባለሙያው አዞረና፣ ሳይቆጣ፣ "ሪፖርቱስ?" አለው። "ስታስተካክል ለምን ታስወጣን ነበር?"

ባለሙያው ቀድሞ በሠራበት ቦታ የሚያውቀውን ሁሉ እንዳስተማረ፣ ሰዎቹ ሲችሉ አለቃው "እንግዲህ አንተ ምን ታደርግልናለህ?" ብሎ እንዳሰናበተው ነገረን። አነጋገሩ እውነት ይመስል ነበር። እኔ ግን ሲናገር የማየው ፊቱን ሳይሆን እጆቹን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቅ ያዝን። ሪፖርት ሲበላሽ ውኃ ልንጠጣ መውጣት ቀረ፤ ከኋላው ቆመን እናያለን። እሱም ያሳየናል። የሚያሳየንን እሱ ሲወጣ ደግመን እንሞክረዋለን፤ አንዳንዴ ልክ ይሆናል፤ አንዳንዴ አንድ ደረጃ ይጎድለዋል። የጎደለውን ስንጠይቀው "አዎ፣ ያቺን ዘልያት ነበር" ይላል። ረስቶ ይሁን ሆን ብሎ አላወቅንም። ጌሙንም መጫወት ቀጠልን። አሁን አንዴ እሱ፣ አንዴ እኛ እናሸንፋለን። ሳሸንፍ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ለቆልኝ እንደሆነስ? እያልኩ ፈገግታውን እመረምራለሁ።

በክረምቱ መግቢያ ወደ ሌላ ክልል ተዛወረ። ሊሰናበተን ሲመጣ ሁለታችንንም ጨብጦ "ከእንግዲህ አታስፈልገንም አትሉኝም፤ እኔው ሄድኩላችሁ" አለ፤ ሳቀም። እኛም ሳቅን። መልካም መንገድ ተመኘንለት፤ ባልደረባዬ አንድ ከረጢት ማንጎ ሰጠው።

መኪናው ሲርቅ ባልደረባዬ "መጥፎ ሰው አልነበረም" አለኝ።

"አዎ" አልኩ።

ወደ ክፍላችን ገብተን ሦስቱንም ማሽኖች ከፈትን። ማንም ማንንም ሳያዝ፣ ባልደረባዬ በአንዱ እኔ በሌላው ጀምረን ባለሙያው የነካካው ነገር እንደሌለ እስክናረጋግጥ ድረስ አንድ በአንድ ስንፈትሽ ከሰዓቱ አለቀ።