የአባዬ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ከአንድ የእንስሳት መድኃኒት መደብር በር ላይ ያ ሽታ ድንገት መጥቶ አፍንጫዬን መታኝ፤ ከብት ሲታጠብበት ውሃውን ወተት የሚያስመስለው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው የመድኃኒት ሽታ። ለሌላው ሰው የበረት ሽታ ነው፣ ለእኔ ግን የወረቀት ሽታ ነው። አባቴ የእንስሳት ሐኪም ስለነበረ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተበላሹ ቅጾችን ሰብስቦ ከመድኃኒት ጠርሙሶቹ ጋር በአንድ ቦርሳ አድርጎ ያመጣልኝ ነበር፤ ፊታቸው «የባለቤቱ ስም»፣ «የታመመው እንስሳ ዓይነት» እያለ በተሰመረ፣ ጀርባቸው ግን ባዶ በሆነ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው ድርሰት መጻፍ የጀመርኩት።

ዛሬም ተወልጄ ባደግሁባት ሰቆጣ ሆኜ፣ ጠዋት ጠዋት ልብ ወለድ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ቢሮ እገባለሁ። ደራሲ መሆኔን የሰማ ጎረቤት ሁሉ «አንቺ እኮ ብዕር ያውቅሻል» እያለ ማመልከቻ ያስጽፈኛል፤ አንዱን ምዕራፍ አራት ጊዜ አፍርሼ ስሠራ የምታየኝ እናቴ ደግሞ «ይኼ ነገር እስካሁን አላለቀም እንዴ?» ትለኛለች። አልፎ አልፎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳልጠራት መጥታ ቦታዋ ላይ ቁጭ ስትልልኝ፣ ድካሙን ሁሉ ረስቼ ለብቻዬ እስቃለሁ። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው አንድ ነገር፣ አንዲት መስመር ሳትጽፍ ሰው ሁሉ አፍ አፏን የሚያያትን ሴት ማየት ነው፤ እሷም የአጎቴ ልጅ ጥሩዬ ናት። ቅናት ነው ብትሉኝ አልክድም፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነገር ነው።

አባዬ ከጎጃም ሰቆጣ ተመድቦ መጥቶ፣ የአጎራባቹን የደሃና ገጠር ልጅ እናቴን አግብቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ከገጠር ደክሞት ሲመለስ እግሩን ታጥቦ መደቡ ላይ ጋደም ይልና እኔ የጻፍኩትን አነብለት ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ያንኮራፋ ነበር። እኔ ግን አይከፋኝም ነበር፤ ሌላ የሚያነብለት ስላልነበረ፣ እንቅልፉም ቢሆን የእኔ ነው ብዬ አምን ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ባደረገበት ጊዜ፣ አጎቴ ከደሃና ገብስ የጫነ አህያ እየነዳ፣ ጥሩዬን ከኋላ አስከትሎ መጣ፤ «እናንተ ዘንድ ሆና ትማር» ብሎ ትቷት ተመለሰ። እኩያዬ ናት። ቤታቸው የሚነገረው የአካባቢው ቋንቋ ኽምጥኛ ስለነበረ አማርኛዋ ይደናቀፍ ነበር፤ እኔም «ይቺ ልጅ አማርኛ አትችልም» እያልኩ ለግቢው ልጆች ሁሉ በደስታ አዳረስኩት። የግቢያችን ልጆች ዝናብ ሲመጣ እኛ በረንዳ ሥር ተሰብስበው የእኔን ድርሰት ይሰሙ ነበር፣ አንድም ቀን ትልቅ ከተማ ሳላይ ስለ አንዲት የትልቅ ከተማ ልዕልት የጻፍኩትን።

ጥሩዬ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ልዕልቷ ሠረገላዋ ላይ ልትወጣ ስትል፣ ጥሩዬ ከጎኔ ሆና «እኛ አገር አንዲት ፍየል አለች» አለች፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ። ባለቤቷ ሞተው አስከሬናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ፍየሏ ከለቀስተኛው ጋር ተሰልፋ እንደሄደች፣ ቄሱ ቢያባርሯት እንዳልሄደች፣ ቀባሪው እንኳ ሐዘኑን ረስቶ እንደሳቀ፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገች፣ የጎደላትን ቃል በኽምጥኛ እየሞላች፣ የፍየሏን አንገት አዟዟር በራሷ አንገት እያሳየች ነገረችን። ልጆቹ እየተንፏቀቁ ወደ እሷ ዞሩ። እኔ ወረቀቴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቀና ስል አባዬ የዝናብ ልብሱን ሳያወልቅ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት በሩ ላይ ቆሟል።

«ከዚያስ?» አላት።

ለእኔ አንድም ቀን «ከዚያስ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን እርር ድብን አልኩ፤ ራት አልበላም ብዬ ተኛሁ፣ ማንም አልለመነኝም፣ ሁሉም የፍየሏን ነገር ያወራ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ትንሽ ቀለል አለኝ። እሷ አንደኛ ክፍል ገባች፣ እኔ አራተኛ ነበርኩ፣ ፊደል ስትቆጥር አጠገቧ ተቀምጬ ወፍራም መጽሐፍ እገልጥ ነበር። ማታ ማታ ግን ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ አባዬ ቡና ቤት መሄዱን ትቶ በጊዜ እየገባ፣ ጫማውን አውልቆ የጥሩዬን ጨዋታ ይጠብቅ ነበር። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋ አትናገርም። ይህ ለእኔ ትልቅ ወንጀል ስለነበረ አንድ ቀን በሰው ፊት ያዝኳት።

«ትናንት ፍየሏ ነጭ ነበረች፣ ዛሬ እንዴት ጠቆረች? ውሸታም።»

ጥሩዬ አልደነገጠችም። «ትናንት እኮ አክስቴ ከፍቷት ነበር፣ ነጭ ትሻላታለች ብዬ ነው» አለች። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አበሰች፣ አባዬ ከት ብሎ ሳቀ። እናቴ ትናንት ከፍቷት እንደነበረ እኔ አላወቅሁም ነበር።

በጋው ደግሞ የባሰ ነገር ይዞ መጣ። ትምህርት በአጋማሽ ዓመቱና በበዓላት ሲዘጋ አባዬ ከብት ሊከትብ ወደ ደሃናና እዚያው አካባቢያችን ወዳለው ዝቋላ መንደሮች ይወርድ ነበርና፣ ኽምጥኛ ስለማይችል ጥሩዬን አስተርጓሚ አድርጎ ይዟት ይሄድ ጀመር። እኔም እንድሄድ ለመንኩት። «አንቺ ቋንቋውን አትችዪም የኔ ልጅ» አለኝ፤ እውነቱን ነበር፣ እናቴ እኔን በአማርኛ ብቻ ነበር ያሳደገችኝ። ከአራት አምስት ቀን በኋላ አቧራ ለብሰው፣ እኔ በሌለሁበት ነገር እየተሳሳቁ ሲመለሱ፣ ዓይኔ ደም ይለብስ ነበር። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት አንድ የዝቋላ ወይፈን ነበር፣ ስሙን ጠርተው መሬት እስኪነኩ ይስቁ ነበር። ስለ ወይፈኑ ጠይቄ አላውቅም፣ ኩራቴ አይፈቅድልኝም ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ግን ተራው የእኔ መሰለኝ። ፍልሰታ ሲፈታ ሰቆጣ ላይ ሻደይ ነው፤ ሴት ልጆች ሻደይ የሚባለውን ሣር በወገባችን ላይ አስረን፣ ከበሮ ይዘን ከቤት ቤት እየዞርን እንጨፍራለን፣ አውራጇ የባለቤቱን ሙያ፣ ልጁን፣ ከብቱን እየጠራች ታወድሳለች፣ ባለቤቱም ያለውን ይሰጣል። ግጥሙን አስቀድሜ ለየቤቱ የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ የዚያን ዓመት አውራጅ እኔው ካልሆንኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራት ላይ ሳይቀር ስጽፍ ከረምኩ። በመካከሉ አባዬ ፊቱ ጠቁሮ ገብቶ ስለ አባ ካሣ አንድ ነገር እንደተናገረ ትዝ ይለኛል፤ አባ ካሣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከወረቀቱ ሳልነሳ «እሺ» አልኩ። በ«ዳት» ለሚያልቅ ስንኝ ቤት የሚመታ ቃል እየፈለግሁ ነበር።

በበዓሉ ቀን መጀመሪያ ከሰፈራችን ነጋዴ ከሐጂ ሱቅ ሄደን አወደስን፣ ሳሙናና ከረሜላ አፈሱልን። ቀጥለን አባ ካሣ ግቢ ገባን። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ጎረቤቶቻቸው ዙሪያቸውን አሉ። ወረቀቴን ገልጬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፦

«የአባ ካሣ በቅሎ ዳገቱ አይከብዳት፣
ጠዋት ደሃና ናት፣ ማታ ሰቆጣ ናት።»

የሚቀበለኝ ጠፋ። ከበሮዋን የያዘችው ልጅ እጇ አየር ላይ ቀረ። በቅሎዋ በዚያው ሳምንት ሞታ ነበር። ከዚያም የከፋው፣ ያከማት አባዬ ስለነበረ «የሐኪሙ መርፌ ገደላት» ተብሎ ከተማው ሁሉ ያማው ነበር። ራት ላይ የነገረን ይህንኑ ነበር። የሐኪሙ ልጅ መጥታ የሞተች በቅሎ ስታወድስ ሽማግሌው ምን ይበሉ? «ምነው ልጄ፣ ልትዘባበቺብኝ ነው የመጣሽው?» አሉኝ ቀስ ብለው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እኔ ደግሞ ወለምታዬን በእጄ ጽፌ፣ አስቤበት ነበር የመጣሁት።

ጥሩዬ ከኋላ ወጣች። ከበሮዋን ከልጅቷ ተቀብላ፣ ምቱን አዘግይታ፣ በዚያ ድንቅፍቅፍ በሚል አማርኛዋ አወረደች፦

«አልጋ ያለው ሐኪም ጋጣ ውስጥ ያደረ፣
ለማንም አይደለ፣ ለበቅሎዎ ነበረ።»

ቆይተው ልጆቹ ተቀበሏት። ደግማ ደጋግማ አለችው። አባ ካሣ «እውነቷን ነው፣ ሁለት ሌሊት አብሯት አድሯል። እኔ ነኝ ዘግይቼ የጠራሁት» አሉ፣ ያ ሁሉ ጎረቤት እየሰማ። ከዚያች ቀን ወዲያ አባዬን በበቅሎዋ ያማው ሰው አልነበረም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ደርሶ ኖሮ፣ አባዬ ጥሩዬን አጠገቡ አስቀምጦ ግጥሙን ሦስት ጊዜ አስባላት። በሦስተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ ወደ እኔ ተመለሰና «አንቺስ ምን አልሽ?» አለኝ፣ በክፋት አልነበረም። ተነሥቼ ወጣሁ። የጻፍኩትን ሁሉ ሻደይ ሣሩ ውስጥ ጠቅልዬ ከግቢው ኋላ ጣልኩት፤ እሷ ራት ላይ ሰምታለች፣ እኔ ራት ላይ እጽፍ ነበር፣ ነገሩ ይኸው ነው፣ ግን ይህን ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ፤ ያን ጊዜ የገባኝ አባቴን መቀማቴ ብቻ ነበር።

ጥሩዬ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ደሃና ተዳረች። እኔ ተማርኩ፣ ተመለስኩ፣ አራት ዓመት ሙሉ ጽፌ አንድ መጽሐፍ አሳተምኩ። አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ጆሮው እየከበደ ሄዶ አሁን ጨርሶ አይሰማም። እንዲህ ማለት ያሳፍረኛል፣ ግን ልበለው፤ የጆሮ ሐኪሙ «አይመለስም» ባለን ቀን፣ ከሐዘኔ ሥር አንድ ትንሽ ደስታ ብቅ ሲል ይዤዋለሁ። ወሬ የማይደርሰው ሰው የቀረው ማንበብ ነዋ። መነጽሩን አድርጎ መጽሐፌን እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ሳያንኮራፋ። «ጥሩ ነው» አለኝ።

ባለፈው የገበያ ቀን ጥሩዬ መጥታ አደረች። ጠዋት አባዬ አጠገብ ተቀምጣ እንደ ድሮዋ ማውራት ጀመረች፤ አፏን እያየ ፈገግ ይላል፣ አንድም ቃል አልገባውም። ጥቂት ቆይቶ ወረቀትና እስክርቢቶ አንስቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ «ምን እያለች ነው? ጻፊልኝ» አለኝ። እሷ እየተናገረች እኔ ጻፍኩ። አንድ ቦታ ላይ የእሷን ቃል ትቼ የተሻለ የመሰለኝን የራሴን አስገባሁ፤ ፍየሏን የፈለገችውን ቀለም እሷ ከቀባች እኔስ ምን አጠፋሁ ብዬ። አባዬ ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ እዚያች የእኔዋ ቃል ላይ ሲደርስ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ዓይኑን ቀና አድርጎ ያየው ግን ጥሩዬን ነበር።

ልጅ ሆኜ ቢሆን ወረቀቱን ቀድጄ ራት ሳልበላ እተኛ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ ጎኔን አንድ ነገር እየወጋኝ ሌላ ወረቀት አወጣሁና «ቀጥዪ» አልኳት።