ዘጠኝ ሆነን ልጄን የጠየቅናት ዕለት

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ የገብስ አጨዳ ሊጀመር ሲል ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌን አትታዘቡኝ። የምጽፈው ሌላ እናት የእኔን ሞኝነት እንዳትደግመው ብዬ ነው። ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ድንገት ሙዚቃ ሲያጠፋ ልቤ ድንግጥ ይላል።

የምኖረው አጋርፋ ነው። በእኛ ሰፈር ሴት የምትጠራው በልጇ ስም ስለሆነ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ «ሃዳ ፎዚያ» ነበርኩ፤ የፎዚያ እናት ማለት ነው። ፎዚያ ሕክምና ልትማር ጎባ የገባች ዕለት ግን ስሜ ተቀየረ። «ሃዳ ዶክተር» ሆንኩ። ልጅቷ ገና ደብተር ሳትገዛ፣ ገበያ ላይ ያሉ ሴቶች የሚያማቸውን ጉልበት ለእኔ ያሳዩኝ ጀመር። እኔም አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ጉልበቱን ነካ ነካ እያደረግኩ «ሙቅ ውሃ ያዢበት» እል ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ደወለችልኝ። ፈተና ሲደርስ ልቧ እንደሚደልቅ፣ እጇ እንደሚንቀጠቀጥ፣ አየር እንደሚያጥራት፣ እንቅልፍ ካጣች ሳምንት እንዳለፋት ነገረችኝ። «እማዬ፣ ትምህርቱን ትቼ ልመጣ ነው መሰለኝ» አለች።

እኔ ምን አደረግኩ? በቀን አሥር ጊዜ እየደወልኩ «ተጨነቅሽ? አሁንስ? ከቅድሙ ይብሳል?» እያልኩ ማስታገስ ያዝኩ። ስልኩን ስታጠፋብኝ ለጎረቤቴ ለሃዳ ሙክታር ነገርኳት። «ለማንም እንዳትነግሪ» ስላልኳት የዝሁር ሶላት ሳይደርስ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

አንዷ ዓይን ነው አለች። ሌላዋ ጨጓራ ነው አለች። ሃዳ ሙክታር ቅቤ ማነስ ነው ብላ ደመደመች፤ እሷ ዘንድ የመኪና ብልሽት እንኳ ቅቤ ማነስ ነው። ታማሚ ደግሞ ለብቻ ተሄዶ አይጠየቅም። ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ፣ ለፎዚያ ሳንነግራት፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በትልቅ ሳፋ ይዘን ዘጠኝ ሴቶች ተነሳን።

ብርዱ ስለጠናብን ሁላችንም በጥቁር ሻርፕ እስከ ዓይናችን ተሸፋፍነናል። ሮቤ ላይ ወደ ጎባ ስንሳፈር ሾፌሩ አየንና ሙዚቃውን አጠፋው። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ተባባልን። የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ደግሞ ዘበኛው ገና ሲያየን ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀ። የልጄን ስም ስነግረው «አይ ምስኪን!» አለና በዚያ ለሚያልፉ ሁለት ተማሪዎች «ደግፋችሁ አምጧት፤ ምንም እንዳትነግሯት» አላቸው። የዩኒቨርሲቲ ሰው እንግዳ አክባሪ ነው ብዬ ኮራሁ።

ፎዚያ በሁለቱ ተደግፋ መጣች። ዘጠኛችንን አየች፣ ጥቁሩን ሻርፕ አየች። እኛ አገር ሰው በማለዳ፣ ሳይነግር፣ ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ለመርዶ ነው!

«አባቴ ነው?» አለች።

«አይደለም» ልላት አፌን ስከፍት፣ ሃዳ ሙክታር የልጅቷን መክሳት አይታ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ለቅሶውን ለቀቀችው። ሌሎቹም ተከተሏት። ልጄ መሬት ላይ ዘጭ አለች። አየር አጥሯት ደረቷን ትቧጥጣለች፣ ከንፈሯ ነጣ። ሞተችብኝ አልኩ። አሁን ሳወራው ቀልድ ይመስላል እንጂ ያኔ ቀልድ አልነበረም።

ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ አይታ እየሮጠች መጣች። ከልጄ ፊት ቁጢጥ ብላ «እኔን እያየሽ፤ ቀስ ብለሽ አየር ሳቢ፣ ቀስ ብለሽ አስወጪ» ትላታለች። ወደ እኔ ዞር ብላ «እናቴ፣ አባቷ ደኅና ከሆኑ አሁኑኑ ይደውሉላቸው» አለችኝ።

ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ለፎዚያ ጆሮ አስጠጋሁት።

«ኧረ የት ነው የጠፋሽው?» አለ ባለቤቴ። «ላሚቱ አልታለበች፣ እሳት አልነደደ፣ ከሰፈሩ አንዲት ሴት የለችም!»

የእሱን ማማረር እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። ፎዚያ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት። ነርሷ ግን እኛንም አየችና «እናንተም ተንፍሱ እንጂ!» አለች። ዘጠኝ ሴትና አንድ ዘበኛ በር ላይ ተደርድረን ስንስብ ስናስወጣ፣ አላፊ አግዳሚው ተማሪ ስፖርት የምንሠራ መስሎት ይስቅ ነበር።

ሲረጋጋላት ነርሷ አስቀምጣን፣ ይህ የጭንቀት ሕመም እንደሆነና እንደሚታከም አስረዳችን። ዓይንም ቅቤም የለበትም አለች። ሃዳ ሙክታር ስለ ቅቤው ቅር ተሰኘች። ፎዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ዶክተር ሳልሆን ብቀር ምን ብለው ይጠሩሻል?»

ለካ ልጄ ደረት ላይ የተቀመጠው የእኔ ስም ነው።

ፎዚያ ዛሬ ለጭንቀቱ እየታከመች ትምህርቷን ትማራለች። አንዱን ትምህርት ወድቃ ደግማዋለች፤ ማንም አልሞተም። ጭንቀቱ አንዳንዴ ይመጣባታል፣ ይሄዳል። እኔን ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። የምደውለው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው፤ ስለ ፈተና ትንፍሽ አልልም። ስልኩን ስዘጋ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ እስባለሁ፣ አስወጣለሁ።

ገበያ ላይ «ሃዳ ዶክተር!» የምትለኝ አሁንም አትጠፋም። ዞር ብዬ አላያትም። «ሃዳ ፎዚያ» ካለችኝ ግን እቆምላታለሁ። ጉልበቷንም አያለሁ።