ፊደል የሌለው ማተሚያ

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የፈጁት በማተሚያ ቤት፣ የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀሙ ሲደረድሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ሌላው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ እሳቸው እየዳሰሱ ይቀጥሉ ስለነበር ባልደረቦቻቸው «ዓይነ ጣት» ይሏቸው ነበር። ቀልዱ እውነት ሆነና ጡረታ በወጡ ማግስት ዓይናቸው ከዳቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ የምታነብላቸው የሒሳብ ሠራተኛዋ ልጃቸው ናት። ከሥራ ደክሟት ስለምትመጣ እየዘለለች ታነባለች፤ እሳቸውም መዝለሏን እያወቁ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ግን «ተይው ልጄ፣ በሰው አፍ የሚነበብ አያጠግብም» አሏትና መስማቱንም ተዉት። ልጅቱ ያን ጊዜ ደነገጠች። አባቷ ማንበብ ካስጠላቸው መኖርም እንደሚያስጠላቸው ታውቃለች።

አንድ ቅዳሜ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ኮምፒውተርና ፕሪንተር ገዝታ መጣች። እንዲህ ያለው ዕቃ ከመሥሪያ ቤት አልፎ የሰው ቤት መግባት ገና መጀመሩ ነበር። ፕሪንተሩን ስታስነሳው ቤቱን በጩኸት ሞላው።

«ምንድን ነው እሱ የሚንጫጫው?»

«ማተሚያ ነው አባዬ።»

ጆሯቸውን ቀሰሩ። «ስንት ፊደል አለው?»

«ፊደል የለውም። ዘጠኝ መርፌ ብቻ ነው ያለው፤ እየወጋ በነጥብ ይጽፋል።»

«አያይም ብለሽ አትቀልጂብኝ!»

ነገሩ ግን ከነከናቸው። ልጅቱ አጥፍታው ክዳኑን አነሳችና ጣታቸውን መርፌዎቹ ላይ አሳረፈችላቸው። ባለቀለሙን ጥብጣብ፣ ሪባኑን፣ ጎተቱ፣ ወረቀቱን የሚስቡትን ጥርሶች ዳሰሱ፣ ጠይቀው አልጠግብ አሉ። «ይህን ሁሉ ጮሆ አንድ መስመር? ከእጅ አይሻል ዶማ!» ብለው ከሳቁ በኋላ ጣታቸውን ወደ መርፌዎቹ መለሱ። «ቆይ፣ የሚወጋ ከሆነ ከወረቀቱ ጀርባ ለምን አይዳሰስም?»

ጥያቄው ልጅቱን እረፍት ነሳት። ሪባኑን አወጣች፣ ከወፍራም ወረቀት ኋላ ለስላሳ ላስቲክ አስገባች፣ ፊደሎቹን ኮምፒውተሩ ላይ በነጥብ አተልቃ ሣለች። ለሙከራ አንድ መስመር አትማ ብትገለብጠው ነጥቦቹ ጉብ ጉብ ብለዋል፤ ፊደሉ ግን በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጧል። ተናዳ ጨመደደችና ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። ከብዙ ልፋት በኋላ ኮምፒውተሩን ገልብጦ እንዲጽፍ አድርጋ፣ ከጀርባው ቀጥ ብሎ የሚነበብ ወረቀት ይዛላቸው ሄደች።

ሽማግሌው ዳሰሱት። ደግመው ዳሰሱት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ ፊደል አይደለም» አሉ። «በቃ፣ ጣቴም ሞቷል ማለት ነው።»

አንጀቷን በሉት። ወረቀቱን ተቀብላ ስታገላብጠው ግን በልጅነቷ ማተሚያ ቤት ያየችው ትዝ አላት። እርሳሱ ላይ የሚቀረጸው ፊደል ግልብጥ ነው፤ የሚቃናው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው። የአባቷ ጣት በሕይወቱ ቀጥ ያለ ፊደል ዳስሶ አያውቅም!

ሮጣ ቅርጫቱን ደፋችው። የጨመደደችውን ወረቀት በመዳፏ አቃንታ ጭናቸው ላይ አኖረችው። ማንም አያነበውም ብላ የልቧን የጻፈችበት ነበር።

ሽማግሌው በሥራ ዘመናቸው ፊደሉን ዘቅዝቀው ይደረድሩ እንደነበረው ወረቀቱን ራሱን ቁልቁል አዞሩትና ጣታቸውን ሰደዱ።

«አባዬ…» ሲሉ አነበቡ ቀስ ብለው። «…ከእንግዲህ… ማንም… አይዘልብህም።»

መዝለሏን እንደሚያውቁ እሷም ታውቅ እንደነበር አላወቁም ነበር። ጣታቸው መጨረሻው ነጥብ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«ሌላ አለሽ?»