ያልደረስነው ለቅሶ

ልጅ እያለሁ አባቴ ጸሎተ ሃይማኖትን ከቄሱ ቀድሞ ይጨርስ ነበር። አንዴ ከጀመረ ትንፋሽ አይወስድም። አያቴ ከቤተ እስራኤል ወጥቶ የተጠመቀ ሰው ነውና፣ አባቴ እንዲያ የሚሽቀዳደመው ክርስትናችንን የሚጠራጠር እንዳይኖር ብሎ ነበር መሰለኝ። ሰዉ ግን ያው ከቤተ እስራኤል የተጠመቁ ለማለት «ማርያም ወደድ» ይለናል፤ ሲብስበት ደግሞ ቡዳ። የዘመኔ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ምን አስረዝመዋለሁ።

አባቴ ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ቤታችን ከሰልና እርጥብ አፈር ይሸት ነበር፤ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የደምቢያ ገበሬ በአባቴ ማረሻ ያርሳል፣ በእናቴ እንስራ ውሃ ያስቀዳል፤ ከደጃችን ግን ቁራሽ አይቀምስም። የሚካኤል ማኅበር የሚጠጣበት ጽዋ ራሱ የእናቴ እጅ ሥራ ነበር።

አባቴ ስንት ጊዜ ለምኖ ማኅበሩ ውስጥ ገባ። ተራው ደርሶ እኛ ቤት የሚጠጣበት ቀን ጠላው ተጠምቆ፣ ድፎው በኮባ ተጋግሮ፣ ቤቱ ተለቅልቆ ማን ይምጣ! አንዱ «ላሜ ጠፋችብኝ» ብሎ ላከ፣ ሌላው «ወገቤን»። ቄሱም ቀሩ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ኩታውን ያጣፋል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያጣፋል።

ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ አንዲት ሴት ብቻ መጣች። እትዬ ጥሩ፣ የሟች ባሏን ጽዋ ይዛ ማኅበሩ ውስጥ የቀረች ባልቴት። አባታችን ሆይን እንኳ መካከሉ ላይ ትስተዋለች። ጾም ገደፈች ተብላ ያልተገሠጸችበት ጊዜ የለም። የልጅ ልጇን አዝላ ነበር።

«ምነው ቤቱን ገዳም አስመሰላችሁት? ጠላው ሊኮመጥጥ ነው፣ ቅዱልኝ እንጂ!» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ሌሎቹ ይምጡ ብለን ነው፣ እትዬ» አላት አባቴ።

«ሚካኤል ያለነሱ አልመጣም ብሎሃል?»

ጠጣች። ከዚያ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ከአባቴ እጅ ድፎውን አስጎረሰችው። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ቡዳ ሕፃን ይበላል በሚባልበት አገር፣ እኛ ፊት ልጁን የሚያበላ ሰው አይተን አናውቅም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ያ ልጅ በንዳድ ሞተ። «ቀጥቃጩ በላው!» ተባለ፤ ድንጋይ ያነሱም ነበሩ። እትዬ ጥሩ ከሬሳው አጠገብ ተነስታ፣ «ልጄን የወሰደው ንዳድ ነው! አምና የሞቱትን የናንተን ልጆችስ ማን በላቸው ልትሉ ነው? ሊወግራቸው የሚሄድ መጀመሪያ እኔን ይውገር!» አለች ብለው ነገሩን። ሰዉም እያጉረመረመ ድንጋዩን ጣለ።

እኛ ታዲያ ለቅሶ አልደረስንም። አባቴ በሩን በመወርወሪያ ቀረቀረና ጸሎተ ሃይማኖቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግም ጀመር። የእሷ እሪታ ከጸሎቱ በላይ ይሰማን ነበር። እኔ ጆሮዬን ደፈንኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለእኛ ብላ እኮ ነው!» አለችው እናቴ።

«ሄደን ብንወገርስ? እጸልይላታለሁ» አላት።

አልፈርድበትም፤ ቤት ሙሉ ልጅ ነበረው። ግን ከአርባው በኋላ እትዬ ጥሩ ራሷ መጣች። ደጃፋችን ላይ ቁጭ አለችና «ለቅሶዬን ሳትደርሱ ቀራችሁ» አለች። ያን ሁሉ የሚያነበንብ አባቴ ኩታውን ያጣፋል፣ ይፈታል። እናቴ እግሯ ላይ ወድቃ አለቀሰች። እኔም ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሳያት ዓይኔን አቀረቅር ነበር።

ዛሬ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር ነው የምኖረው። አያቴ ወደተወው ሃይማኖት ተመልሻለሁ። ሰንበት አከብራለሁ፣ በስተርጅና የዕብራይስጥ ፊደል ቆጥሬ ጸሎቱን አጥንቻለሁ፤ አንድ ቃል አይወድቅብኝም። ከበላያችን ባለው ፎቅ አንዲት ሩሲያዊት ትኖራለች፣ እንደኛው በቅርብ የመጣች። ባለቤቴ ደረጃው ላይ የወደቀች ቀን ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት እሷ ናት። ባለፈው ሰሞን ባሏ ሞተባት። ሕንፃው ውስጥ «ጎያ ናት፣ ቤቷ መስቀል አለ» ይባላል፤ የኛ ወገን አይደለችም ማለታቸው ነው። ለቅሶ ልደርሳት ተነሳሁ። ሰዉ «ድሮም ክርስቲያን ነበር፣ አለቀቀውም» ይለኛል ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የልጅ ልጄን «ልሂድ እንዴ?» ብላት በዕብራይስጥ መለሰችልኝ፤ ምን ቸገረህ አባባ ማለቷ ነው። እኔም ሰበብ አገኘሁ፣ ቀረሁ።

ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ ዛሬም «ሻሎም» ትለኛለች። ለምን ቀረህ አትለኝም፤ ቋንቋውም የለን። አባቴ በሩን የቀረቀረው ድንጋይ ፈርቶ ነበር። እኔን አሽቀሎን ውስጥ የሚወግረኝ ሰው የለም።